የገንዳው ማሽን «ጨው አንሷል» ሲል ጨው ለመጨመር አትቸኩሉ

ማሽኑ የምንለው ከጨዋማው ውሃ ክሎሪን እየሠራ የመዋኛ ገንዳውን የሚያጸዳውን ነው። ፓምፑ እንደሚሠራ፣ ፊልተሩ እንደታጠበና ቫልቮቹ እንደተከፈቱ አይታችኋል ብለን እንጀምር።

ምልክት፦ «ጨው አንሷል» የሚለው መብራት በርቷል፤ ስክሪኑ 2,400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ምናምን ያሳያል።

ይህን ያየ የገንዳ ሠራተኛ ሁሉ ሮጦ ጨው ይሸከማል። ማሽኑ ግን ጨው አይቀምስም። በሴሉ (ክሎሪኑ በሚመረትበት ክፍል) ፕሌቶች መካከል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለክቶ የጨዉን መጠን ይገምታል እንጂ። ፕሌቶቹ ቅርፊት ከያዙ፣ ውሃው ከቀዘቀዘ ወይም ሴሉ ካረጀ ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፤ ማሽኑም በጨው ያሳብባል። ጨው አይተንም፤ የሚቀንሰው ውሃ ሲፈስ፣ ሲረጭ ወይም ፊልተር ሲታጠብ ነው።

ስህተቱ የሚያስከፍለውን ተመልከቱ። 50 ሜትር ኩብ ገንዳ ነው፤ እውነተኛው ጨው 3,100 ነው፣ ማለትም ምንም አልጎደለውም። መብራቱ ስለበራ ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት ተገለበጠበት። 1 ኪሎ ጨው ለ1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ፒፒኤም ስለሆነ ገንዳው 5,100 ገባ። ሴሉ በኋላ ሲጸዳ ማሽኑ «ጨው በዛ» ብሎ ይዘጋል፤ መሰላሉም መዛግ ይጀምራል። ጨው የሚያጠፋ ኬሚካል የለም። ወደ 3,200 ለመመለስ ከ18 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ደፍቶ በአዲስ መተካት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይህ ማለት የቦቴ ሂሳብ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን በጨው መመርመሪያ ስትሪፕ ለኩ። ከ2,700 በታች ካልሆነ ከረጢቱን አትንኩት። እውነትም ካነሰ፣ የጎደለውን ብቻ አስሉ፤ ለዚሁ ገንዳ ከ2,600 ወደ 3,200 ለማድረስ 30 ኪሎ ይበቃል። አዮዲን የሌለው የተጣራ ጨው ይሁን። ጥሬ ጨው ከነአፈሩና ከነካልሲየሙ ይመጣል፤ ያ ካልሲየም ተመልሶ ፕሌቱ ላይ ይጋገራል።

ጨዉ ልክ ከሆነ ኃይሉን ከብሬከሩ አጥፉ፤ ሴሉን ፈትታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። በፕሌቶቹ መካከል ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ነገር ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። በጎማ ውሃ ሞክሩት። ካልለቀቀ 4 እጅ ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርጉና 1 እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ (30 ከመቶ ገደማ) በላዩ ጨምሩ። አሲዱን ወደ ውሃው፤ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ሥራው ደጅ ይሁን። ክሎሪን የነካ ባልዲ አትጠቀሙ፣ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። የገመዱ መግቢያ አሲድ እንዳይነካው አድርጋችሁ ሴሉን ሙሉት። አረፋው ሲቆም ቅርፊቱ አልቋል፤ ከ15 ደቂቃ አታሳልፉ።

በቢላ ወይም በካቻቢቴ የሚፍቁ ሰዎች አሉ። ሴሉን የሚያሠራው ቲታኒየሙ ላይ የተቀባው ስስ የሩቴኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሲፋቅ አብሮ ይነሳል፣ ተመልሶም አይቀባም። አሲዱም ቢሆን በየጊዜው ትንሽ ይበላዋል። በየወሩ ማጽዳት ካስፈለገ ሕመሙ ውሃው ላይ ነው፦ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልኬት) ከ7.8 በላይ ወይም አልካላይኒቲው (አሲድ የመቋቋም አቅሙ) ከፍተኛ። በጨው ገንዳ ፒኤች ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል፤ በ7.4 እና 7.6 መካከል ያዙት።

ቅርፊቱ አንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ፕሌት አንድ ፊት ነጭ ሌላው ንጹሕ ከሆነ፣ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ (ፖላሪቲ) የሚገለብጠው ሪሌ (አውቶማቲክ ማብሪያ) ተጣብቋል። ሴል ሳይሆን ቦርድ ይጠገናል።

ፕሌቱ ንጹሕ፣ ጨዉ ልክ፣ ውሃው ሞቃት ሆኖ ቮልቱ ከፍ አምፔሩ ግን ዝቅ ካለ ሴሉ አርጅቷል። ከ3 እስከ 7 ዓመት ካገለገለ አትሟገቱት።

ምልክት፦ ሁሉም መብራት አረንጓዴ፣ ክሎሪን ግን ዜሮ። ጠዋት ኖሮ ከሰዓት የሚጠፋ ከሆነ ፀሐይ እየበላው ነው፤ ማረጋጊያውን (ሳያኑሪክ አሲድ) ከ60 እስከ 80 ፒፒኤም አድርሱት። ታይመሩንም እዩ። ባትሪ የሌለው ታይመር መብራት በጠፋ ቁጥር ወደኋላ ይቀራል፤ ፓምፑ በታሰበለት ሰዓት ፈንታ በሌላ ሰዓት ይነሳል።

ምልክት፦ ማለዳ አይሠራም፣ እኩለ ቀን ይነሳል። ብርድ ነው። ብዙ ማሽን ውሃው ወደ 15 ዲግሪ ሲጠጋ ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ጨው አትጨምሩ።

ምልክት፦ «ፍሰት የለም»። ፍሎው ስዊቹ (ውሃ መፍሰሱን የሚያየው) ላይ ቆሻሻ ተጣብቋል ወይም የፍሰት አቅጣጫ ቀስቱ ተገልብጦ ተገጥሟል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማታለል ክልክል ነው፤ ውሃ ሳይፈስ ሴሉ ከሠራ ሃይድሮጅን ቧንቧው ውስጥ ይጠራቀምና ሊፈነዳ ይችላል።

ምልክት፦ ጭራሽ አይበራም። ፊውዙን ለኩ። መብራት ሲመለስ በመጣ ከፍተኛ ቮልት ከተቃጠለ፣ አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት መከላከያ ግጠሙ።