አንድ ቲ-ዲኤንኤ፣ ሁለት ክሮሞዞም

አራቢዶፕሲስ በሚባል ትንሽ የምርምር ተክል ውስጥ የገባ ቲ-ዲኤንኤ (በባክቴሪያ አማካይነት ተክል ውስጥ የሚገባ የዲኤንኤ ቁራጭ) የት እንዳረፈ እየፈለግሁ ነበር። ተክሉን ላንድስበርግ ከሚባል ሌላ የአራቢዶፕሲስ ዓይነት ጋር አዳቅዬ ሁለተኛውን ትውልድ ካናማይሲን ላይ ዘራሁ፤ ይህን አንቲባዮቲክ የሚቋቋመው ቲ-ዲኤንኤው ያለበት ተክል ነው። ሦስት አራተኛው ያህል አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ ሌላው ነጣ። ቲ-ዲኤንኤው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲገባ የሚታይ ውርስ ማለት ነው። ማርከሮቹ (ክሮሞዞም ላይ ቦታን የሚጠቁሙ የዲኤንኤ ምልክቶች) ግን ካናማይሲን መቋቋሙን ከክሮሞዞም 1ም ከ4ም ጋር አያያዙት!

ናሙና ተደባልቆ ይሆን? ዲኤንኤውን እንደ አዲስ አውጥቼ ብሠራውም ያው ነው።

ፍንጩን የሰጠኝ የአበባው ብናኝ ነው። ከድቅሉ ወስጄ ደህናውን ብናኝ ከመከነው በሚለየው በአሌክሳንደር ቀለም ነከርኩና በማይክሮስኮፕ አየሁት። ግማሽ ያህሉ ሞላ ያለ ወይን ጠጅ ነው። ሌላው አረንጓዴ፣ የተጨማደደ፣ ባዶ ቅርፊት። ሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጭ ሲለዋወጡ እንዲህ ይሆናል፤ ቁራጭ የጎደለው ብናኝ ይመክናል።

ከዚያ በኋላማ ቀላል ነበር። እስከዚያ የማነበው ከቲ-ዲኤንኤው ግራ ጠርዝ ብቻ ነበር፤ ለቀኙም ፕራይመር (ንባቡ የሚጀምርበት አጭር ዲኤንኤ) አዘዝኩ። ግራው ክሮሞዞም 1 ላይ፣ ቀኙ 4 ላይ አረፈ። ቲ-ዲኤንኤው የሁለቱ ክሮሞዞሞች ቁራጮች መጋጠሚያ ላይ ተሰክቷል።

እንዲህ ዓይነት ድቅል ላይ የሴንቲሞርጋን ርቀት (በሪኮምቢኔሽን ብዛት የሚለካ የጂኖች ርቀት) ባትለኩ ይሻላል። መጋጠሚያው አካባቢ ሪኮምቢኔሽን፣ ማለትም ጥንድ ክሮሞዞሞች ቁራጭ መለዋወጣቸው፣ ስለሚታፈን ካርታው ያጥራል። እኔም ለቀጣዩ ሥራ ይህ ቲ-ዲኤንኤ ያረፈበት ያው ጂን ላይ ቲ-ዲኤንኤ የገባበት ሌላ መስመር ወሰድኩ።