ራክ (የኔትወርክ መሣሪያ መደርደሪያ) ውስጥ ኬብል ስታስሩ

መጀመሪያ የፕላስቲክ ማሰሪያውን ወዲያ በሉት። እኔ ድሮ በፒንሳ ስቤ ጥብቅ አድርጌ ነበር የማስረው፤ ሲያዩት ያምራላ! አንድ ቀን አንዱን ማሰሪያ ልቆርጥ ስል መቁረጫው የጎኑን ኬብል ጨምሮ በጠሰው። አንድ ፎቅ ሙሉ ኔትወርክ ጠፋበት። ከዚያ ወዲህ ቬልክሮ (ተጣብቆ የሚላቀቅ የጨርቅ ማሰሪያ) ብቻ ነው የምጠቀመው። እሱንም ቢሆን ጣት ከስሩ እንዲገባ ላላ አድርጉት። ኬብሉ ከተጨፈለቀ የውስጡ ጥምዝ ሽቦ ቅርጹን ያጣል።

ካት 6 (የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ዓይነት ነው) ሲታጠፍ ራዲየሱ ከኬብሉ ውፍረት 4 እጥፍ አይነስ፤ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ፋይበርን (ዳታን በብርሃን የሚያስተላልፈውን ቀጭን ኬብል) ከመዳቡ ጋር አትጠቅልሉ፣ የመዳቡ ክብደት ይጫነዋል። የኃይል ገመዱ በአንድ ጎን፣ ዳታው በሌላው ይውረድ። የአየር መውጫውን አትዝጉ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ስም ሳትለጥፉ ደግሞ አትሰሩ። እኔ በነጭ ፕላስተር ላይ ነው የምጽፈው፣ አትሳቁብኝ።