ትንሿን ትራክተር ምን እናስይዛት? ዛፍ ለበዛበት መሬት የተቀጽላ አመራረጥ

ትራክተሯን የገዛ ሰው ትልቁን ወጪ ተገላገልኩ ይላል። ገና ነው። ትራክተር ብቻዋን መቀመጫ ያላት ሞተር ናት፤ ሥራውን የሚሠራው ከፊቷና ከኋላዋ የምናስይዛት ተቀጽላ ነው። ችግሩ ተቀጽላ ሁሉ ሲያዩት ያምራል። ሻጩ ጋ መቆፈሪያው፣ መክተፊያው፣ ጉቶ መፍጫው ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፣ ሻጩም በጥቅል ከወሰዳችሁ ቅናሽ አለ ይላል። ጥቅሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ አፈር ማለስለሻ አይጠፋም። ዛፍ በሞላበት መሬት አፈር ማለስለሻ ምን ይሠራል? ሥር ለሥር ሲነጥር መዋል ነው።

ስለዚህ ከዕቃው በፊት ሥራውን እናስብ። እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ አብዛኛው ሥራ ማንሳት፣ መሸከምና መጎተት ነው። የወደቀ ግንድ ከመንገድ ማንሳት፣ ቅርንጫፍ መከመር፣ ማገዶ ማመላለስ፣ ድንጋይና ጠጠር ማጓጓዝ። መንገድ መጠገንና ቁጥቋጦ መመንጠር ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። መቆፈርና መፍጨት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የምመክራችሁም ከዚህ የተነሳ ነው፦ መጀመሪያ የሚሸከመውንና ሚዛን የሚጠብቀውን ግዙ፤ በፒቲኦ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ተቀጽላው በሚያስተላልፈው ተሽከርካሪ ዘንግ፣ የሚሠራውን ግን ሥራው ራሱ እስኪያስገድዳችሁ አቆዩት፣ ወይ ተከራዩት።

ከፊት

ለዚህ ሥራ የፊት ሎደር፣ ማለትም መዛቂያ ባኬቱን የሚያነሳው ክንድ፣ የሌላትን ትራክተር አትግዙ። ሎደሩን ስታዩ ደግሞ ከማንሳት አቅሙ እኩል ባኬቱ እንዴት እንደሚፈታ ጠይቁ። አንዳንዱ በፒን ብቻ የተያዘ ነው። ለመፍታት መዶሻና ትዕግሥት ስለሚፈልግ ማንም አይፈታውም፤ ሹካ (እንደ ፎርክሊፍት ሁለት ረጅም የብረት ጣቶች ያሉት) ብትገዙለትም ሹካው ጥግ ይዞ ይዝጋል። ሌላው የአንድ አምራች ብቻ የሆነ ማያያዣ ነው፤ እሱን ከያዛችሁ ለሁልጊዜው የዚያ አምራች ደንበኛ ሆናችሁ ማለት ነው። እኔ የምለው ስኪድ ስቲር የሚባሉት ትናንሽ የጫኝ ማሽኖች የሚጠቀሙበትን የተለመደ ፈጣን ማያያዣ ነው። ሁለት እጀታ ታነሳላችሁ፣ ባኬቱ ይቀራል፣ ሹካው ይገባል። ያገለገለ ዕቃ ስትፈልጉም ምርጫው የሚሰፋው በዚህ ነው።

ከባኬቱ ቀጥሎ ሹካ። ለዓይን አይስብም፣ ግን የቅርንጫፍ ክምር ሥር ገብቶ ያወጣል፣ ግንድ ያነሳል፣ ሌላውን ተቀጽላ ከመኪና ላይ ያወርዳል። ተጨማሪ ሃይድሮሊክ አይፈልግም። ድክመቱ ግንዱን ከላይ ጨብጦ የሚይዝለት ነገር አለመኖሩ ነው። ወጣ ገባ መንገድ ላይ ይንከባለላል። ይባስ ብሎ፣ ከፍ አድርጋችሁ ወደኋላ ብዙ ካጋደላችሁት ግንዱ በሎደሩ ክንድ ላይ ተንከባሎ እናንተው ላይ ሊመጣ ይችላል። ዝቅ አድርጋችሁ ሂዱ፣ በማሰሪያ ቀበቶም እሰሩት።

ግራፕል፣ ማለትም እንደ መንጋጋ የሚከፈትና የሚዘጋው፣ ይህን ችግር ይፈታል። ከመቀመጫችሁ ሳትወርዱ ሙሉ የጭራሮ ክምር ነክሶ ያነሳል። አንድ ውድ ተቀጽላ ብቻ መግዛት የምችል ብሆን እሱን ነበር የምገዛው። ግን ለመክፈቻና ለመዝጊያ ሦስተኛ የሃይድሮሊክ መስመር ከፊት ያስፈልገዋል፣ ብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ይህ መስመር የላቸውም። ግራፕሉን የምትገዙት ዛሬ ባይሆንም ትራክተሯን ስታዝዙ መስመሩን አብራችሁ አስገቡ፤ በኋላ ማስገጠም ይቻላል፣ ግን የእጅ ዋጋና ጣጣ አለው። ስፋቱን በተመለከተ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማው ለትንሽ ትራክተር በቂ ነው። በዛፎች መሃል ያልፋል፣ ቀላልም ነው።

ቀላል መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት እስቲ ካልኩሌተር አውጡ። 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ ይዘቱ 0.38 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አሁን የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት በሜትር ኩብ ወደ 1000 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ መካከለኛ የሚመስለው ግንድ 380 ኪሎ ገደማ ሆነ ማለት ነው። የሎደራችሁ መግለጫ 500 ኪሎ ያነሳል ይላል እንበል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚለካው ባኬቱ የሚታሰርበት ፒን ላይ ነው። የግራፕሉን 150 ኪሎ ቀንሱለት፣ 350 ቀረ። ግንዱ የሚያርፈው ደግሞ ከፒኑ ራቅ ብሎ ወደፊት ስለሆነ 350ውም ይቀንሳል። ግንዱ ንቅንቅ አይልም። ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ክብደቱ ወደ 590 ኪሎ ይዘል ነበር፣ ያውም ለ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ከባድ ግራፕል ቢገዛስ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያባብሰዋል እንጂ አይረዳውም። ግንዱን በመጋዝ አሳጥሩት፣ አለዚያ ጎትቱት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በባኬቱ የቆመ ዛፍ ገፍታችሁ አትጣሉ። ሎደር ቡልዶዘር አይደለም፤ ክንዱ ይጣመማል። ከዚያ የሚከፋው ግን ዛፉ ሲነቀነቅ ከላይ ያለው የደረቀ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ሹፌሩ ላይ መውረዱ ነው።

የኋላ ክብደት

በዚህ ነገር ላይ ማንም ገንዘብ ማውጣት አይወድም፣ እኔ ግን ከግራፕሉ በፊት አስቀድመዋለሁ። ሎደሩ ጭነት ሲያነሳ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት አክሰል ይሄድና የኋላው ይቀላል። ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬናቸው አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዛችሁ ስትወርዱ የኋላው ጎማ መሬት ከለቀቀ ፍሬን የላችሁም። በአራት ጎማ ስትነዱ የፊቶቹም ከማርሹ ጋር ስለሚያያዙ አብረው ይይዛሉ፤ ስለዚህ ጭነት ይዞ መውረድ በአራት ጎማ ብቻ ነው።

የኋላ ጎማ ውስጥ ፈሳሽ ማስሞላት ይረዳል። ካልሲየም ክሎራይድ ከውሃ ይከብዳል፣ ግን ካፈሰሰ ቸርኬ ይበላል። የጎማው ፈሳሽ ትራክተሯን ያረጋጋል እንጂ የፊት አክሰሉን ሸክም አያቀልም። ያንን የሚሠራው ከኋላ አክሰሉ ወደኋላ ወጥቶ በሦስት ነጥብ ማንሻው (ተቀጽላ በሦስት ቦታ በሚታሰርበት የኋላ ማንሻ) ላይ የሚንጠለጠል ክብደት ነው፣ እንደ መፈንቅል ፊቷን ወደ ላይ ይስባል። ኮንክሪት ወይም አሸዋ የተሞላ ሳጥን ይበቃል። አንዳንዱ መመንጠሪያውን ከኋላ አስሮ እሱ ክብደት ይሆነኛል ይላል፤ ሜዳ ላይ ይሆናል፣ ዛፍ መሃል ግን ያ ረጅም ጭራ በዞራችሁ ቁጥር ግንድ ይመታል። ሳጥኑ አጭር ነው፣ ከጎማው ውጪ አይወጣም። ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ የሎደሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል።

መጎተት

ግንድ ለመጎተት ጠንካራ ሰንሰለትና የግንድ መንጠቆ ለመጀመሪያው ጊዜ ይበቃል። ወሳኙ ሰንሰለቱ የሚታሰርበት ቦታ ነው፦ ዝቅ ብሎ ያለው የመጎተቻ ብረት ላይ ብቻ። ሦስት ነጥቡ ላይ ካለው የላይኛው ማያያዣ፣ ከአክሰሉ ወይም ከመቀመጫው ሥር ካሰራችሁት ግንዱ ጉቶ ይይዘውና ይቆማል፣ ጎማው ግን መዞሩን አይተውም፣ ያኔ ትራክተሯ ራሷ በኋላ አክሰሏ ላይ ዞራ ፊቷ ይነሳል። ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መመለሻ ወደሌለው ቦታ ልትደርስ ትችላለች። ፍሪሲዮን እረግጣለሁ የሚል ሰው አይደርስም። የመገልበጥ መከላከያው ብረት ይቁም፣ ቀበቶውም ይታሰር። ቅርንጫፍ እየነካን ብለው ብረቱን የሚያጥፉት ብዙ ናቸው። ቅርንጫፉን ቁረጡ እንጂ ብረቱን አትጠፉ። የግድ ከታጠፈ ግን ቀበቶው አይታሰርም፣ ምክንያቱም ሲገለበጥ ከሥሯ ጋር ታስሮ መቅረት ነው የሚሆነው።

መሬታችሁ ገደላማ ከሆነ ወይም ግንዶቹ ትራክተር በማይገባበት ቦታ ካሉ፣ በፒቲኦ የሚሠራው የግንድ መጎተቻ ዊንች ከቀደመው ምክሬ ውጪ ነው፤ እሱን በጊዜ ግዙ። ትራክተሯ መንገድ ላይ ትቆማለች፣ የዊንቹ የታችኛው ሰፌድ ብረት መሬት ይነክሳል፣ ገመዱ ሄዶ ግንዱን ይዞት ይመጣል። ገመዱ ሲወጠር ማንም አጠገቡ አይቁም። በዛፍ ላይ ዞሮ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ የገመድ ክንዶች መሃል ያለው ማዕዘን ውስጥ መግባት ጭራሽ አይታሰብም።

መንገድና ቁጥቋጦ

ቦክስ ብሌድ፣ ማለትም ከኋላ የሚጎተተው ምላጭና ጥርስ ያለው የብረት ሳጥን፣ ሁሉም የሚገዛው ነው፣ ግን መንገድ ለማስተካከል እጅ ይፈልጋል። ጀማሪ ሲጎትተው ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ብሌዱ ከፍ ዝቅ ይልና መንገዱ ሞገድ ይሠራል። ጠጠሩ ያለና መጠገን ብቻ የሚፈልግ መንገድ ከሆነ ሁለት ረጅም ጎኖችና ሁለት ምላጮች ያሉት ማስተካከያ ይሻላል፤ ጎኖቹ ጉድጓዱን ይዘሉታል፣ እናንተ መንዳት ብቻ ነው። መንገዱን ገና የምትሠሩት ከሆነ ግን አፈር ከቦታ ቦታ የሚወስደው ቦክስ ብሌዱ ነው። ጥርሶቹን አውርዳችሁ ሥር ያለበት ቦታ ላይ ስትነዱ ቀስ በሉ።

ለቁጥቋጦ መመንጠሪያ ስሌቱ ለየ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። 1.5 ሜትር ስፋት ወደ 25 ይፈልጋል ማለት ነው፣ ያውም የሞተሩን ሳይሆን የፒቲኦውን፤ የፒቲኦው ቁጥር ሁልጊዜ ከሞተሩ ያንሳል። ስፋቱ የኋላ ጎማዎቻችሁን የውጭ ጠርዝ ቢሸፍን ጥሩ ነው። ጉቶ ሲመታ ጉልበቱን የሚቆርጥለት ነገር ይኑረው። ቀላሉ ተቆራጭ ብሎን ነው፤ በተቆረጠ ቁጥር ወርዳችሁ ትቀይራላችሁ። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያለው ይሻላል፣ ግን ቆሞ ሲከርም ስለሚጣበቅ ከወቅቱ ሥራ በፊት ላላ ተደርጎ መፈተሽ አለበት። መመንጠሪያ ድንጋይና እንጨት እስከ 100 ሜትር ሊወረውር ይችላል። ከፊትና ከኋላ የሰንሰለት መጋረጃ ያለውን ምረጡ፣ ሰውም አይቅረብ። ዛፍ ስትቆርጡ ጉቶውን ከመሬት እኩል አድርጉት። ነቅላችሁ ልታወጡት ካሰባችሁ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፣ መያዣ ይሆናል። መሃል ቤት የቀረ፣ ሣር የሸፈነው ጉቶ ነው ምላጭ የሚጨርሰው።

የሚቆዩት

ባክሆን፣ ማለትም ከኋላ የሚታሰረውን የመቆፈሪያ ክንድ፣ ሁሉም ይመኘዋል። ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ የኋላውን ቦታ በሙሉ ይይዛል፣ ዛፍ መሃል መዞር ያስቸግራል። ጥቂት ጉቶና አንድ ቦይ ከሆነ ሥራው፣ ትንሽ ኤስካቫተር ተከራይታችሁ ሥራውን በአንድ ሰሞን ጨርሱ። ግድ የለም እገዛለሁ ካላችሁ ከትራክተሯ አካል ጋር በራሱ ፍሬም የሚታሰረውን ውሰዱ፤ በሦስት ነጥቡ ብቻ የሚንጠለጠለው የመቆፈሩን ኃይል በሙሉ ለዚያ በማይሆን ቦታ ላይ ያሳርፋል።

የቅርንጫፍ መክተፊያ፣ ጉቶ መፍጫ፣ የአጥር ጉድጓድ መቆፈሪያ፦ ተከራዩ።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ትራክተሯን ራሷን ጠብቁ። ጭራሮ ከሥር ገብቶ የሃይድሮሊክ ቱቦ ይበሳል፣ የነዳጅ መስመር ይነቅላል፣ የጎማ መንፊያ ይቆርጣል። ከሆዷ ሥር የብረት መከላከያ አሠሩላት። ቅጠልና ብናኝ የራዲያተሩን ወንፊት ስለሚደፍን በሥራ መሃል ወርዳችሁ ጥረጉት።

ያገለገለ ተቀጽላ ስትገዙ ብየዳው ላይ ስንጥቅ ፈልጉ፣ የማርሽ ሳጥኑ ዘይት መኖሩን እዩ፣ ምላጩ የሚታሰርበትን አካል ይዛችሁ ነቅንቁት። በተቆራጩ ብሎን ቦታ ጠንካራ ብሎን ተገጥሞ ካገኛችሁ የውስጡ ማርሽ ምን እንዳሳለፈ ገምቱ። የፒቲኦው ዘንግ ከእናንተ ትራክተር ጋር ይለካ። ሲያጥር የውስጠኛው ቱቦ ጫፍ መጨረሻው ላይ ደርሶ መግፋት የለበትም፣ ሲረዝምም ሁለቱ ቱቦዎች ቢያንስ ሲሶ ያህል መደራረብ አለባቸው። ፕላስቲክ መሸፈኛው ከተሰበረ ሥራ ሳትጀምሩ ቀይሩት፤ 540 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው፣ የጃኬት ክር ይበቃዋል። ውፍረት መለኪያ ካሊፐርም ያዙ። የሦስት ነጥቡ ፒኖች በመጠን ካቴጎሪ ይለያያሉ፦ ካቴጎሪ 1 የታችኛው ፒን 22፣ የላይኛው 19 ሚሊ ሜትር ነው። 28 እና 25 ከሆነ ካቴጎሪ 2 ነው፣ ለትልቅ ትራክተር የተሠራ፣ ክብደቱም እንደዚያው።