‹ሊጅ ኤንድ ሊፍ›ን ስትሰሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዙ ባንድ ፌርፖርት ኮንቬንሽን በ1969 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጣው ‹ሊጅ ኤንድ ሊፍ› ስምንት ትራክ ብቻ ነው ያለው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አርባ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ2006 በቢቢሲ ሬዲዮ 2 የፎክ (የሕዝብ ዘፈን) ሽልማት ላይ፣ ከፎክ አልበሞች ሁሉ ከፍተኛውን ተጽዕኖ ያሳደረ ተብሎ በአድማጮች ተመርጧል። ይህን ዝና ሰምቶ አልበሙን የሚከፍት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ይዘጋዋል። "ያ ሁሉ የተወራለት ይሄ ነው እንዴ?" ይላል።

እኔ ጥፋቱ አሰማማ ላይ ነው ባይ ነኝ። ይህ ታሪክ የሚነገርበት አልበም ነው። ጊታሩም፣ ድራሙም፣ ቫዮሊኑም የገቡት ታሪኩን ሊያስኬዱ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ የሚመነጩት ይህን ከመርሳት ነው።

ግጥሙን ሳያውቁ መስማት

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

የእንግሊዝኛ ዘፈን ስንሰማ ብዙዎቻችን ዜማውን ይዘን ግጥሙን እናልፈዋለን። ለአብዛኛው የሮክ ዘፈን ችግር የለውም። እዚህ ግን አይሠራም። ‹ማቲ ግሮቭስ›ን ውሰዱ። ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። አዝማች የለውም። ያው አጭር ዜማ እየተመላለሰ ነው የሚሄደው። ቃሉን ለማይከተል ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ እውነት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዓመቱ የመጀመሪያው በዓል ነው። የሎርድ ዳርነል ሚስት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ጸሎቱ ሲያልቅ ዓይኗን ወደ ሰዉ ስትጥል ማቲ ግሮቭስ የሚባል ወጣት ታያለች። ቤቴ ና፣ እስኪነጋ አብረን እንደር ትለዋለች። ማቲ ጣቷ ላይ ያሉትን ቀለበቶች አይቶ የጌታው ሚስት መሆኗን ያውቃል፤ እንቢ ይላል። እሷም ባሌ እኮ ቤት የለም፣ ራቅ ካለው ማሳ ላይ ነው ትለዋለች። ይህን የሰማ አሽከር ለጌታው ሊያደርስ ይሮጣል። ወንዝ ሲያጋጥመው በዋና ይሻገራል።

ማቲ ሲነቃ ሎርድ ዳርነል ግርጌው ቆሟል። አልጋዬን እንዴት አገኘኸው? አንሶላዬንስ? ክንድህ ላይ የተኛችውን ሚስቴንስ? ማቲም አልጋውም አንሶላውም ጥሩ ነው፣ አብልጬ የወደድኩት ግን ክንዴ ላይ ያለችውን ነው ይላል። ዳርነል ተነሥና ልበስ ይለዋል፤ ራቁቱን ያለ ሰው ገደለ መባል አይፈልግም። ካሉት ሁለት ሰይፎችም የተሻለውን ለማቲ ይሰጠዋል። ማቲ ቀድሞ ይመታና ያቆስለዋል። ዳርነል ሲመልስ ማቲ ይወድቃል፤ አይነሣም።

ከዚያ ዳርነል ሚስቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠይቃታል፤ ከሁለታችን ማንን ትመርጫለሽ? ካንተና ከነሀብትህ የሞተውን ማቲን እመርጣለሁ ትለዋለች፣ ፊት ለፊት። ልቧን ወግቶ ከግድግዳ ጋር ይሰፋታል። በመጨረሻም ሁለቱን በአንድ መቃብር ቅበሩ ብሎ ያዝዛል። እሷን ግን ከላይ አድርጉ፤ የትልቅ ሰው ዘር ናት።

ያ የመጨረሻ ትእዛዝ በሰማሁት ቁጥር ይገርመኛል። ሁለት ሰው ገድሎ እንኳ የሚያስጨንቀው ማን ከማን በላይ ይቀበር የሚለው ነው። አንድ ሙሉ የመደብ ሥርዓት በአንድ ስንኝ ውስጥ ገብቷል።

የባንዱ ዘፋኝ ሳንዲ ዴኒ ይህን ሁሉ ስትዘፍን አታለቅስም፣ በድምጿም አታስፈራራም። የምትዘፍነው የሰፈር ወሬ እንደምትነግር ሴት ነው፤ ረጋ ብላ፣ ቃል በቃል። ታሪኩን ያላወቀ ሰው "ስሜት የላትም" ሊል ይችላል። ላወቀ ሰው ግን የሚያስፈራው ያ እርጋታዋ ነው። የመቃብሩ ስንኝ ሲያልቅ ባንዱ መልኩን ይቀይርና ከሁለት ደቂቃ በላይ ያለ ዘፋኝ ይጋልባል። ሪቻርድ ቶምሰን በጊታር፣ ዴቭ ስዋርብሪክ በቫዮሊን ይፋጠጣሉ። ዘፋኟ አፍና የያዘችው ቁጣ በሙሉ እዚያ ጋ ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ግጥሙን አንብቡ። አንድ ጊዜ ይበቃል። ‹ዘ ዲዘርተር›ም እንደዚሁ ነው። በግድ ለውትድርና የተያዘ ሰው ይከዳል፤ ተይዞ 303 ጅራፍ ይፈረድበታል። እንደገና ይከዳል፤ አሁን ደግሞ ሞት ይፈረድበታል። ሬሳ ሣጥኑ ተዘጋጅቶ ሳለ ልዑል አልበርት በሠረገላ ደርሶ ፍቱት፣ ጥሩ ወታደር ይወጣዋል ይላል። ምሕረት የተደረገለት መልሶ ወታደር እንዲሆን ነው። ይህን ሳታውቁ ከሰማችሁት ዘፈኑ የሚያምር ለስላሳ ዜማ ሆኖ ያልፋችኋል።

ሁሉም ዘፈን የጥንት ነው ብሎ ማሰብ

አይደለም። መክፈቻው ‹ካም ኦል ዪ› የሳንዲ ዴኒና የቤዝ ተጫዋቹ የአሽሊ ሃቺንግስ ድርሰት ነው። (ከአልበሙ ደካማው ዘፈን ይሄ ይመስለኛል። እሱን ሰምታችሁ ፍርድ አትስጡ።) የ‹ፌርዌል ፌርዌል› ግጥም የሪቻርድ ቶምሰን ነው፤ ዜማው ቀድሞ የነበረ ነው። የመዝጊያው ‹ክሬዚ ማን ማይክል› ደግሞ ግጥሙ የቶምሰን፣ ዜማው የዴቭ ስዋርብሪክ ነው።

ያን የመጨረሻውን አስተውሉት። ማይክል ቁራ ያገኛል። ቁራው የምትወዳት ሴት በገዛ እጅህ ትሞታለች ይለዋል። ማይክል ተናዶ ጩቤውን ይመዝና ቁራውን ይወጋል። ከዚያ መሬት ላይ ሲያይ ቁራ የለም፤ ተወግታ የወደቀችው ፍቅረኛው ናት። ማንም ሳይነግረው የሰማ ሰው አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ተረት ነው ብሎ ይምላል። የጻፈው ግን ያኔ ሃያ ዓመት የሆነው የለንደን ልጅ ነው። ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ጀብዱ ይሄ ነው፤ ከቆየው ግጥም ጎን ተቀምጦ የማያፍር አዲስ ግጥም መጻፍ።

‹ትክክለኛውን› ቅጂ ፍለጋ መዞር

አንዳንድ አድማጭ ደግሞ የባንዱን ሥራ ትቶ "ዋናው የቱ ነው?" እያለ ይዳክራል። ፍለጋው ራሱ መጥፎ አይደለም። ሃቺንግስም ለንደን በሚገኘው ሲሲል ሻርፕ ሃውስ፣ በእንግሊዝ የሕዝብ ዘፈንና ጭፈራ ማኅበር ቤተ መጻሕፍት፣ የቆዩ ግጥሞች ሲያገላብጥ ነበር። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባሳተመው ስብስብ 305 ባላዶች (ታሪክ የሚተርኩ የቆዩ የሕዝብ ዘፈኖች) አሉ፤ ከዚህ አልበም ‹ታም ሊን› 39ኛ፣ ‹ማቲ ግሮቭስ› 81ኛ ነው። ግን ያንን መጽሐፍ ስትከፍቱ ለአንድ ዘፈን ብዙ ቅጂ ነው የምታገኙት። ቻይልድ ራሱ አንዱን መርጦ ዋናው ይሄ ነው አላለም።

ፌርፖርቶችም እንደፈለጉ ነው የቀጣጠሉት። የ‹ማቲ ግሮቭስ› ግጥም የእንግሊዝ ሲሆን ያለበሱት ዜማ ከአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች የመጣ፣ ‹ሼዲ ግሮቭ› የተባለ ሌላ ዘፈን ነው። ‹ሬናርዲን› ውስጥ ሴቲቱን ተራራ ለተራራ አስከትሎ የሚወስደው ሰው ጥርሱ ያብረቀርቃል፤ ቀበሮ ይሁን ሰው አይለይም። ይህን ጥርጣሬ ያጎላው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዘፈኑን ያስፋፋው ዘፋኝና ተመራማሪ ኤ. ኤል. ሎይድ ነው። ‹ፌርዌል ፌርዌል› ደግሞ የያዘው ዜማ የ‹ዊሊ ኦ ዊንዝበሪ› ተብሎ የሚታወቀውን ነው። እሱም ዘፋኙ አንዲ ኧርቫይን መጽሐፍ ሲያገላብጥ የሌላ ባላድ ዜማ በስህተት አንሥቶ ከዚያ ግጥም ጋር ስላጋባው የተፈጠረ ነው። በስህተት ተጋብተው እንዲህ ያማረ ነገር ከወጣ፣ "ዋናው" የሚባል ነገር ፍለጋ ምን ያደርጋል?

የሳንዲ ዴኒ አልበም ብቻ አድርጎ መስማት

ድምጿ ወደር የለውም፤ በዚህ አልከራከርም። በኋላ በ1971 ከሮክ ባንዱ ሌድ ዜፔሊን ጋር የዘፈነችውን የሰማ ሰው ሁሉ እሷን ፍለጋ ነው ወደዚህ የሚመጣው። በ31 ዓመቷ፣ በ1978 ማረፏም ሐዘኑን ያከብደዋል። ግን ጆሯችሁ እሷ ላይ ብቻ ከተተከለ ግማሹ አልበም ያመልጣችኋል።

‹ታም ሊን›ን አንዴ ድራሙን ብቻ እየተከታተላችሁ ስሙት። ድራመሩ ዴቭ ማታክስ ለፌርፖርት አዲስ ነበር፤ የመጣውም ከዳንስ ባንዶች ነው። ስለዚህ ልኩን ያውቃል። የሮክ ድራመር ሁሉንም ክፍተት ሊሞላ በሚሞክርበት ቦታ እሱ ይተወዋል። ባንዱ ከባድ ምት ይጥላል፣ ይቆማል፣ ይጥላል፤ ዴኒ በመሃል በመሃል ትገባለች።

ታሪኩም ይህን አጨዋወት ይፈልገዋል። ጃኔት ስኮትላንድ ውስጥ ካርተርሆ የሚባለው ጫካ ገብታ ጽጌረዳ ትቀጥፋለች። የዚያ ጠባቂ ታም ሊን ይገለጥላታል። ከእሱ ታረግዛለች። ታም ሊን የተረት ዓለም ንግሥት የማረከችው ሰው ነው። ጃኔት ልታስጥለው የምትችለው በሃሎዊን ሌሊት ብቻ ነው፤ ከነጭ ፈረሱ ላይ ጎትታ ማውረድና እባብ ቢሆን፣ አንበሳ ቢሆን አለመልቀቅ። የሚያወራው ስለመያዝ ነው፤ ሙዚቃውም ይዞ አይለቅም። ከስምንቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ስዋርብሪክም ሌላ ጉዳይ ነው። ቀድሞ ከፎክ ዘፋኙ ማርቲን ካርቲ ጋር የተጫወተ፣ የቆየውን ዜማ ከልጆቹ ሁሉ በላይ የሚያውቅ ሰው ነበር። የጂግና የሪል (የፈጣን ጭፈራ ዜማዎች) ቅንብሩን ትራክ ስትሰሙ ሌሎቹ እሱን ተከትለው ሲሮጡ በግልጽ ይሰማል።

‹ፕሮግረሲቭ› ሲባል ኪቦርድ መጠበቅ

ለእንዲህ ያለ ሙዚቃ የሚሰጠውን ፕሮግረሲቭ (ወደፊት የሚራመድ) ፎክ ሮክ የሚለውን ስም ሰምቶ ሜሎትሮን የተባለውን ኪቦርድ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ክፍለ ዘፈን፣ የክላሲካል ጥቅስ የሚጠብቅ አለ። እዚህ አታገኙትም። እዚህ ያለው እርምጃ ሌላ ነው፤ ብቻውን፣ ያለ መሣሪያ ሲዘፈን የኖረ ባላድ በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ሰባት ስምንት ደቂቃ መቆም ይችላል ብሎ መነሣት። በ1969 ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

አደጋውን ሁሉም ዘፈን ውስጥ መፈለግ

ሜይ 12 ቀን 1969 ባንዱ በርሚንግሃም ተጫውቶ ሲመለስ መኪናቸው ኤም 1 አውራ ጎዳና ላይ ተገለበጠ። የ19 ዓመቱ ድራመር ማርቲን ላምብልና አብራቸው የነበረች አንዲት ወጣት ሞቱ። ሌሎቹ ተጎዱ። ባንዱ ሊፈርስ ነበር። በዚያ ክረምት ሃምፕሸር ውስጥ፣ ዊንቸስተር አጠገብ፣ ፋርሊ ቼምበርሌን በተባለች መንደር ቤት ተከራይተው አብረው እየኖሩ ይህን ሙዚቃ አዘጋጁ። ቀረጻው በመከር ወራት ለንደን፣ ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ ተደረገ፤ ፕሮዲዩሰሩ ጆ ቦይድ ነበር።

ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ‹ፌርዌል ፌርዌል› ብቸኛ መንገደኞችን ሲሰናበት ያንን መንገድ አለማሰብ ይከብዳል። ግን አልበሙን በሙሉ የለቅሶ አልበም አድርጎ መስማት በደል ነው። ወደዚህ ሙዚቃ የሚወስደው መንገድ ከአደጋው በፊት ተጀምሯል፤ ‹ኤ ሴይለርስ ላይፍ› የተባለውን 11 ደቂቃ የሚወስድ የቆየ ዘፈን የቀረጹት ላምብል በሕይወት እያለ፣ ድራሙን ራሱ እየመታ ነው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ልጆች ገና ሃያ ዓመት አካባቢ ነበሩ። ጂጎቹን ሲጫወቱ ደስታቸው ይሰማል። ያንን ደስታ አትንፈጓቸው።

ትራኮቹን ማደባለቅ

ሸፍል አጥፉ። ‹ፌርዌል ፌርዌል› ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ከ‹ማቲ ግሮቭስ› እልቂትና ግርግር በኋላ ሲመጣ ነው አንጀት የሚበላው። ብቻውን አጭር ዘፈን ነው። በ2002 እንደገና በታተመው ላይ ሁለት ትራክ ተጨምሯል፤ ‹ሰር ፓትሪክ ስፔንስ›ና ‹ዘ ኳየት ጆይስ ኦፍ ብራዘርሁድ›። ጥሩ ናቸው፣ ግን ለሌላ ቀን አቆዩዋቸው። አልበሙ ‹ክሬዚ ማን ማይክል› ላይ ማለቅ አለበት።

እዚህ ላይ ማቆም

አልበሙ ሱቅ ሲገባ ዴኒም ሃቺንግስም ባንዱን ለቀው ነበር። ዴኒ የራሷን ዘፈኖች ልትዘፍን ፎዘሪንጌይ የተባለውን ባንድ አቋቋመች። ሃቺንግስ ደግሞ ወደ ቆየው ዘፈን ይበልጥ ሊጠልቅ ስቲልአይ ስፓን የተባለውን ባንድ መሠረተ። የቀሩት ተስፋ አልቆረጡም። በ1970 ‹ፉል ሃውስ› የተባለውን አልበም አወጡ፤ ቶምሰንና ስዋርብሪክ የጻፉት፣ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ‹ስሎዝ› የሚባል ዘፈን አለበት። ‹ማቲ ግሮቭስ› መጨረሻ ላይ ያለውን የሁለቱን ፍጥጫ የወደደ ሰው ቀጥታ ወደዚያ ይሂድ። የዴኒ ድምጽ የያዘው ሰው ግን ወደ ኋላ፣ ከዚህ በፊት ወዳወጡት አልበም ወደ ‹አንሃፍብሪኪንግ› ተመልሶ ‹ኤ ሴይለርስ ላይፍ›ን ይስማ።