በጣና ዳር ጭቃ ውስጥ ግላይፎሴት የሚበላ ባክቴሪያ ስትፈልጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ባዮሎጂ ወይም ባዮቴክኖሎጂ ለሚማር ሰው ጣና ከደጁ ነው። የመመረቂያ ሥራ ሲታሰብ ከዳርቻው ጭቃ ይዛቅና ፀረ አረሙን ግላይፎሴትን የሚበላ ባክቴሪያ ፍለጋ ይጀመራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በግላይፎሴት ላይ ፎስፈረስ ከካርቦን ጋር በቀጥታ ተያይዟል፤ ይህን ቦንድ (ማያያዣ) መበጠስ የሚችሉት ጥቂት ኢንዛይሞች ናቸው። ግን ሳይሳካ የተሳካ የሚያስመስል ወጥመድ ሞልቷል።

"አድጓል፣ ስለዚህ በልቶታል" ማለት። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሚዲያው (ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ) ውስጥ የእርሾ ኤክስትራክት ካለ ፎስፈረስም አለ ማለት ነው። ቡፈሩ (የሚዲያውን አሲዳማነት የሚያረጋጋው ውህድ) ፎስፌት ከሆነማ አለቀ። ዝግጁ ፎስፌት የቀረበለት ባክቴሪያ ከባዱን ቦንድ ለመበጠስ ምን አደከመው? ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ለምሳሌ ሲ-ፒ ላይዬዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚሠሩትን ጂኖች የሚያስነሳው ፎስፌት ሲያጥረው ነው። ስለዚህ ቡፈሩ ትሪስ ወይም ሄፔስ ይሁን፤ ብቸኛው የፎስፈረስ ምንጭ ደግሞ ግላይፎሴት። ከጎኑ ምንም ፎስፈረስ ያልገባበት ፍላስክ አስቀምጡ። እሱም ከደፈረሰ፣ ማለትም ባክቴሪያ ካደገበት፣ ፎስፈረሱ ከሌላ ቦታ እየገባ ነው። ከጭቃው ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ከታጠበበት ሳሙናም ሊሆን ይችላል። ብዙ ባክቴሪያዎች ደግሞ ፖሊፎስፌት የተባለ የፎስፈረስ ክምችት ቋጥረው ይመጣሉ፤ ስንቃቸው እስኪያልቅ ያድጋሉ። ዕቃውን በቀጭን አሲድ አለቅልቁ። ከዚያ ከፍላስኩ ጥቂት እየወሰዳችሁ ደጋግማችሁ ወደ አዲስ ሚዲያ አዛውሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ይህን ያልዘለለ ሥራ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ አያሳፍርም።

ግላይፎሴቱ ስለጠፋ ቦንዱ ተበጠሰ ብሎ መደምደም። ግላይፎሴት የሚፈርስበት ዋና መንገድ ሁለት ነው። በአንደኛው ሲ-ፒ ላይዬዝ የፎስፈረስና የካርቦኑን ቦንድ በጥሶ ሳርኮሲን የሚባል ውህድ ይቀራል። በሌላኛው የሚበጠሰው የካርቦንና የናይትሮጅን ቦንድ ነው፤ ውጤቱ አምፓ የሚባል ውህድ ነው። አምፓ ላይ ያ የፈለጋችሁት ቦንድ እንዳለ ነው! የግላይፎሴቱን መቀነስ ብቻ ሳይሆን አምፓንና ሳርኮሲንንም ለኩ።

በፎስፋቴዝ (ፎስፌት የሚያላቅቅ ኢንዛይም) ምርመራ መተማመን። ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት ጨምረው ቢጫ ሲወጣ የሚደሰቱ አሉ። ያ ቢጫ የሚያሳየው በኦክስጅን በኩል የተያያዘ ፎስፌት መላቀቁን ነው። ስለ ካርቦን-ፎስፈረስ ቦንድ ምንም አይናገርም።

ኢንዛይሙን አንድ ፕሮቲን አድርጎ ማሰብ። በኢ. ኮላይ የሲ-ፒ ላይዬዝ መንገድ 14 ጂኖች አሉት። ቦንዱን የሚበጥሰው ፒኤችኤንጄ (PhnJ) የተባለው ፕሮቲን ነው፤ በብረትና ድኝ አቶሞች ስብስብ (ክላስተር) ታግዞ ራዲካል የሚባል በጣም ንቁ ቅንጣት ይፈጥራል። ይህ ቦንድ ባለው ሜቲልፎስፎኔት በተባለ ትንሽ ውህድ ላይ ሲሠራ ሚቴን ጋዝ ይወጣል። ባክቴሪያው አየር ላይ በደንብ ይኖራል፤ ፕሮቲኑን ለብቻው አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ግን ኦክስጅን ክላስተሩን ያበላሸዋል። ስለዚህ ማጣራቱ ኦክስጅን በሌለበት ይሁን።

"ኬሚካል ያልነካው" ቦታን ባዶ መቆጣጠሪያ ማድረግ። ከፎገራ ማሳ ጭቃ ወስዶ ከዘጌ ደን አፈር ጋር ማነጻጸር ያምራል። ግን ዘጌ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች አይኖሩም ብላችሁ አትጀምሩ። ተፈጥሮ ራሷ ይህን ቦንድ ትሠራለች፤ በ1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በበግ ጨጓራ ውስጥ በሚኖሩ ፕሮቶዞኣ (ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት) ውስጥ ተገኝቷል። ግላይፎሴት ገበያ ላይ የወጣው በ1974 ነው፤ ስለዚህ ቦንዱን የሚበጥስ ባክቴሪያ ፀረ አረም ያልነካው አፈር ውስጥም ሊኖር ይችላል።