እጅን ወገብ ላይ አድርጎ መቆም፦ ስለ ኤሚ ከዲ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጓደኛዬ በቅርቡ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርታ ነበር። ስሟ እስኪጠራ መጸዳጃ ቤት ገባች። በሩን ቆለፈች፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ደረቷን ነፍታ ሁለት ደቂቃ ቆመች። «ሆርሞኔ እንዲስተካከል ብዬ ነው» አለችኝ በኋላ። ምክሩ የአሜሪካዊቷ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ የኤሚ ከዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቴድ በተባለው የንግግር መድረክ ላይ ባደረገችው ንግግር ዓለምን አዳርሷል።

የመጀመሪያው ስህተት የጓደኛዬ ነው፦ የሆርሞኑን ነገር እንደ ተረጋገጠ መያዝ። ከዲ ከሌሎች ጋር የሠራችው ጥናት በ2010 ሲወጣ የተሳተፉበት 42 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሰውነትን ዘርጋ አድርጎ መቆም የወንድነት ሆርሞን የሚባለውን ቴስቶስትሮንን ከፍ፣ ከጭንቀት ጋር የሚያያዘውን ኮርቲሶልን ዝቅ ያደርጋል ተባለ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች 200 ሰው ይዘው ሞከሩት። ሆርሞኑ ንቅንቅ አላለም። በ2016 ደግሞ የጥናቱ የመጀመሪያ ጸሐፊ ዳና ካርኒ ራሷ ውጤቱ እውነተኛ ነው ብላ እንደማታምን በይፋ ጻፈች።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «በቃ፣ ውሸታም ናት» ይላል። ይሄም ስህተት ነው። ጥናት ሲደገም ያው ውጤት አልመጣም ማለት አጥኚው ዋሽቷል ማለት አይደለም። በዚያው በ200 ሰው ጥናት ተሳታፊዎቹ ብርታት እንደተሰማቸው ተናግረዋል። ጓደኛዬም ቀለል ብሏት ነው የገባችው።

ሌላው፣ አቋቋሙን ጠያቂው ፊት ማሳየት ነው። ከዲ የመከረችው ከመግባታችሁ በፊት፣ ብቻችሁን ሆናችሁ እንድታደርጉት ነው። በዚያ ላይ የሰውነት ቋንቋ እንደ አገሩ ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ ፊት አንገት ደፋ ማለት ፍርሃት ሳይሆን አክብሮት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ትልቁ ሥራዋ መረሳቱ ነው። ገና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች፣ በ2002፣ ከመምህሯ ከሱዛን ፊስክና ከሌሎች ጋር ስለ ጅምላ ፍረጃ አንድ ጥናት አሳተመች። ሰውን ስናይ ሁለት ነገር እንመዝናለን ይላል፦ ልቡ ለእኔ ቅን ነው? ያሰበውንስ ማድረግ ይችላል? አረጋውያንን «ደግ ናቸው፣ ግን አይችሉም» እንላለን፤ እናዝንላቸዋለን። ሀብታሞችን «ይችላሉ፣ ግን ልባቸው ቀዝቃዛ ነው» እንላለን፤ እንቀናባቸዋለን።

በ2004 ይህንኑ ሐሳብ በሥራ ቦታ ፈተሹት። ሰዎች ስለ ባለሙያዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ሴቷ ልጅ እንዳላት ሲጻፍ አንባቢዎቹ ደግነቷን ከፍ፣ ችሎታዋን ዝቅ አድርገው ገመቱ። ወንዱ ልጅ አለው ሲባል ግን ደግነቱ ጨመረለት፤ ችሎታው አልተነካም።

ጓደኛዬ የስምንት ወር ልጅ አላት። እዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ «ልጁን ማን ይይዝልሻል?» ተብላ ተጠይቃለች። ባሏም በዚያው ሰሞን ተወዳድሮ ሥራ ቀይሯል። እሱን ማንም አልጠየቀውም።