የእጩ የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ከፒያሳ ጽሕፈት ቤቴ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ምርጫ ሲቃረብ እጩዎች ይመጣሉ። ገሚሱ ፍላሽ ይዞ፣ ገሚሱ በደብተር ወረቀት ሞነጫጭሮ። “አስተካክለህ አንድ ገጽ አድርግልኝ” ነው ነገሩ። አብዛኛው ጽሑፍ “ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወልዶ” ብሎ ይጀምራል። እኛ አገር ወይ አባቱ ወይ አያቱ አርሶ አደር ያልሆነ ማን አለ? ይህ ዓረፍተ ነገር እናንተን ከማንም አይለይም። እኔ ሰርዤ ነው የምጀምረው።

ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ለራሳችሁ ያልሆነ ጉዳይ ይዛችሁ መጀመሪያ ደጅ የጠናችሁት የት ነው? ታሪካችሁ ከዚያ ይጀምራል። አንዲት እጩ ሙሉ ገጽ የትምህርትና የሥልጠና ዝርዝር ይዛ መጣች። ቡና አስመጥተን ስናወራ፣ ለካስ የሰፈሯን እድር ሒሳብ ለዓመታት የያዘችው እሷ ናት። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ተራው የዘለላቸውን ቤቶች መዝግባ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተችውም እሷው። “ይኼ ምን ይጻፋል?” አለችኝ። ከላይ አስቀመጥነው፤ ሥልጠናው ወደ ታች ወርዶ ሁለት መስመር ሆነ።

ስለ እሴት ስትጽፉ “ታማኝ፣ ቅን፣ ሕዝብ ወዳድ” አትበሉ። ይህን ስለ ራሱ የማይል ሰው የለም። ይልቅ እምቢ ያላችሁትን ነገር ጻፉ። ዘመዳችሁ ያለ ወረፋ እንዲስተናገድ ጠይቋችሁ እምቢ ካላችሁ፣ ዘመድ የተቀየማችሁበት ያ ቀን ከአሥር ቅጽል ይበልጣል። የዘመዱን ስም ግን ተዉት፤ ነገ ሠርግ አለ።

የቤተሰብ ስም ያላቸው ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ተመልከቱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ ኋላም በሕግ መወሰኛው፣ ማለትም በላይኛው ምክር ቤት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን በራሳቸው ብዙ አላቸው። ስዊዘርላንድ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ፣ ማለትም የታችኛው ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ። በዚያ መሠረት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ፓርላማ ገቡ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ሆኑ። የእሳቸውን ታሪክ እኔ ብተይብ አባትየውን ግማሽ መስመር እሰጣለሁ። ቀሪው ለእስር ቤቱና ለትምህርት ቤቱ ነው።

ወደ ቃል ኪዳኑ ስትመጡ፣ የምትወዳደሩበት ወንበር ምን እንደሚሠራ አጣሩ። ለፌዴራል ፓርላማ የሚወዳደር ሰው “የሰፈራችንን ኮብልስቶን አስነጥፋለሁ” ብሎ ሲያመጣ ሳቄን ዋጥ አደርጋለሁ። ኮብልስቶን የከተማው አስተዳደርና ምክር ቤት ጉዳይ ነው። ፓርላማ ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራሉን በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። የአሁኑን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54ን አንብቡ፤ አጭር ናት። የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ትላለች። ፓርቲ አልተጠቀሰም። መራጩ አመኔታ ካጣባችሁም ከአምስት ዓመቱ በፊት ሊያወርዳችሁ ይችላል። ስለዚህ አንጀት የሚያርስ ነገር ብቻ እየለቀማችሁ አትጻፉ፤ ወረቀቱን አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው አለ።

ቅርጹ ቀላል ነው። አንድ ገጽ፣ ፊደሉ ደመቅ ያለ፤ መነጽር የረሳ አዛውንትም ማንበብ አለበት። ፎቶው የቅርብ ጊዜ ይሁን። የዛሬ ሃያ ዓመት የምረቃ ፎቶ ያመጣ ሰው ገጥሞኛል፤ በአካል ሲመጣ ማን ይለየዋል? የምርጫ ምልክታችሁን በትልቁ አድርጉት፤ ምልክቱን አይቶ የሚመርጥ ብዙ ነው። የተቀናቃኛችሁን ስም አታንሱ፤ በገዛ ወረቀታችሁ እሱን ታስተዋውቃላችሁ።

ከመባዛቱ በፊት ጥቂት ኮፒ አውጡና እድር ስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለወዳጅ ብቻ አታሳዩ። ከእናንተ ጋር ክርክር የሚወድ ጎረቤት አይጠፋም፤ እሱ ይስማው። “ይኼን መቼ ሠራህ?” ብሎ ከጠየቀና መልስ ካጣችሁ፣ መስመሯን አውጡ። እዚህ አገር ሰው ቅኔ እየሰማ ነው ያደገው፤ ባዶ ቃል ወዲያው ይነቃበታል።

ከታች ስልክ ቁጥር ጻፉ፤ ከምርጫው በኋላም የምታነሱትን።